ውስጡን ለቄስ፦ የአሮጌ መኪና ዝገት ከማይታየው ቦታ ይጀምራል

ነሐሴ ነው፣ ደብረ ታቦር። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፤ ጉና በጉም ተሸፍኖ ከታየ ሳምንት አልፎታል። የአጎቴ ቮልስ የኋላ ጎማዋ ተንፍሶ ግቢ ውስጥ ቆማለች። ክሪኩን አስገባሁና ማዞር ጀመርኩ። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ አምስት ዙር። ክሪኩ ሽቅብ ይወጣል፤ ጎማው ግን ከመሬት ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ደረቅ ቅጠል ሲረገጥ የመሰለ ድምፅ ተሰማና ቡናማ ዱቄት ጫማዬ ላይ ፈሰሰ። ለካ ክሪኩ መኪናዋን ማንሳት ትቶ ወደ ሆዷ እየገባ ነበር።

አጎቴ ጃንጥላውን እንደያዘ ከበረንዳው ጮኸ፦ «አንተ ልጅ! ምን አደረግኻት?»

እኔ ምንም አላደረግኳትም። ባለፈው ፋሲካ ነው ቀለም የተቀባችው። መንገድ ላይ የሚያያት ሁሉ «አዲስ አይደለች እንዴ!» እያለ ፎቶ ይነሳባታል። ሰማያዊ ቀለሟ ያንጸባርቃል፣ ኒኬሏ ያበራል። እናቶቻችን «የላይ የላዩን፣ ውስጡን ለቄስ» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

በማግስቱ ሠፈር ውስጥ ያለ አንድ ባትላሜራ መጣና በመዶሻው ጫፍ ከበሩ ሥር ነካ ነካ አደረገ። ሁለት ቦታ «ቂው» አለ፤ ሌላው ሁሉ «ዱብ»። ከዚያ ላሜራውን በመጋዝ ከፈተው። ከውስጡ ከአንድ ጣሳ በላይ ደረቅ ጭቃ፣ ገለባና የብረት ቅርፊት ወጣ። የቆረጠውን ቁራጭ ወደ ሰማይ አንስቶ አሳየኝ፤ ብርሃኑ በመቶ ቦታ ያልፋል። «ይሄ ላሜራ አይደለም ልጄ» አለ፣ «ዓይኑ የወጣ እንጀራ ነው።»

ዛሬ የምጽፈው ስለዚያ ቁራጭ ነው። ብዙዎቻችሁ መኪና የላችሁም ይሆናል፤ ግን አባታችሁ፣ አጎታችሁ ወይም የምትሳፈሩበት ሚኒባስ ሾፌር አላቸው። ከእናንተም መሃል ገንዘብ አጠራቅማችሁ ቴሌግራም ላይ ፎቶ እያያችሁ አሮጌ መኪና ልትገዙ የምታስቡ አላችሁ። ፎቶ ደግሞ ላዩን እንጂ ውስጡን አያሳይም።

የመኪና አካል ከላይ ሲያዩት ቆርቆሮ ይመስላል እንጂ ጉልበቱ ያለው ባዶ በሆኑት ሳጥኖቹ ውስጥ ነው። ከበሩ ሥር ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ የሚሄደው ሳጥን፣ ጣሪያውን የተሸከሙት ምሰሶዎች፣ ከወለሉ ሥር ያሉት ተሻጋሪዎች ሁሉም ሁለት ሦስት ላሜራ ተጣጥፎና ተበይዶ የተሠሩ ናቸው። ውስጣቸው ክፍት ነው። ሸምበቆ ባዶ ሆኖ እንደሚጠነክረው ማለት ነው። ችግሩ ሸምበቆ አይዝግም፤ ላሜራ ግን ይዝጋል፣ ያውም እጅም ዓይንም ከማይደርስበት ወገን።

ቮልስ ላይ ነገሩ የባሰ ነው። ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ ሙቀቱ ወደ ፊት የሚመጣው በነዚሁ በግራና በቀኝ ከበሩ ሥር ባሉት ሳጥኖች ውስጥ አልፎ ነው። ሳጥኖቹ ሁለት ሥራ አላቸው ማለት ነው፤ የማሞቂያ ቱቦም ናቸው፣ የመኪናዋ አጥንትም ናቸው። ከላይ ያለው አካል ከታችኛው ወለል ጋር የሚታሰረው በነዚህ ሳጥኖች ውስጥ በሚገቡ ቡሎኖች ነው። ሳጥኑ ሲበሰብስ ቡሎኑ የሚይዘው ነገር ያጣል። በሩን ስትከፍቱት ወደ ታች ወረድ የሚል፣ ስትዘጉትም ከፍ አድርጋችሁ መግፋት የሚጠይቃችሁ ከሆነ፣ ማጠፊያውን ከመክሰሳችሁ በፊት ወደ ታች ተመልከቱ። ማሞቂያው ድሮ የፊት መስታወቱን እርጥበት ያደርቅ የነበረ፣ አሁን ግን እግር ሥር እንኳ የማይሞቅ ከሆነም አየሩ መንገድ ላይ በቀዳዳ እየወጣ ሊሆን ይችላል። ይሄ ቀላል ምልክት አይደለም። ከኋላ ጭስ ማውጫውን ከብቦ አየሩን የሚያሞቀው ክፍል ራሱ ዝጎ ከተቀደደ ደግሞ የሞተሩ ጭስ ወደ ተሳፋሪው ሊገባ ይችላል፤ ብርድ ብሎ መስኮት የሚዘጋ ቤተሰብ ሊመረዝ ነው ማለት ነው።

አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ያለ ሰው መኪናዬን ዝገት በላብኝ ሲል የሚወቅሰው ጨው ነው። ክረምት በረዶውን ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ይበተናል። እኛ ጋ ጨው የሚበላው በበርበሬ ነው፤ መንገድ ላይ የሚበትን የለም። ታዲያ የደብረ ታቦር መኪና ምን አገኛት?

አንደኛ፣ ብዙዎቹ መኪኖች ያገለገሉ ሆነው ከውጭ የገቡ ናቸው። ጨው ሲረገጥበት ከኖረ አገር የመጣ ካለ በሽታውን ይዞት መጥቷል።

ሁለተኛው የራሳችን ነው፤ ጭቃና ብርድ። ከወረታ ተነስቶ ደብረ ታቦርን፣ ክምር ድንጋይን፣ ነፋስ መውጫን አልፎ ወደ ወልድያ የሚሄደውን፣ ሰው እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» የሚለውን መስመር የሄደ ያውቀዋል። ከዋናው መንገድ ወጥታችሁ ወደ ገጠር ቀበሌ ስትገቡ ጎማው የሚወረውረው ጥቁር ጭቃ በየቀዳዳው እየገባ ይጠቀጠቃል። ላዩ ሲደርቅ ውስጡ አይደርቅም። ብረት ላይ እንደ እርጥብ ፋሻ ተለጥፎ ይቆያል። ጭቃው የሸፈነው ቦታ አየር ሲያጥረው ዙሪያው ግን አየር ያገኛል፤ ይህ ልዩነት ራሱ እንደ ትንሽ ባትሪ ይሠራና ከጭቃው ሥር ያለውን ብረት እየበላ ይሄዳል።

ብርዱ ደግሞ እንዲህ ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የጉና ጫፍ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ቀን ፀሐይ ላሜራውን ታሞቀዋለች፤ በሳጥኑ ውስጥ ያለው አየር ይለጠጥና በቀዳዳው ይወጣል። ማታ ብርዱ ሲመጣ አየሩ ይኮማተራል፤ ሳጥኑ ከውጭ እርጥብ አየር ይስባል። እርጥበቱ የቀዘቀዘው ላሜራ ላይ ጤዛ ሆኖ ይወርዳል። መኪናዋ ቆማም ትተነፍሳለች ማለት ነው፤ በየሌሊቱ ትንሽ ትንሽ ውሃ ትጠጣለች። ብረት ለመዛግ ዝናብ አያስፈልገውም፤ የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ ገደማ ካለፈ በቂው ነው። አንዴ የተፈጠረው ዝገት ደግሞ እንደ ስፖንጅ እርጥበት ይይዛል፤ ከተፈጠረበት ብረትም ብዙ እጥፍ ቦታ ይወስዳል። ሁለት ላሜራ በተጋጠመበት ስፌት መሃል ከገባ እያበጠ ይለያያቸዋል። ቀለም አረፋ ሲሰራ የምናየው ያኔ ነው። አረፋው የበሽታው መጀመሪያ ይመስለናል፤ መጨረሻው ነው።

ሦስተኛውን ጥፋት የምንሠራው እኛው ነን። በር ውሃ እንዳያስገባ ተደርጎ አልተሠራም። ይገርማል፤ ግን እውነት ነው። በመስኮቱ ጎማ በኩል ዝናብ ይገባል፤ ፋብሪካው ይህን ስለሚያውቅ ከበሩ ግርጌ ትናንሽ መውጫ ቀዳዳዎች አበጅቷል። ከበሩ ሥር ባለው ሳጥንም እንዲሁ። እኛ ደግሞ ጭቃ ይደፍናቸዋል፣ ቀለም ቀቢው በስቱኮ ይደፍናቸዋል፣ ከሁሉ የሚገርመው ባለቤቱ ራሱ «ውሃ እንዳይገባ» ብሎ በሲሊኮን ይደፍናቸዋል። የአጎቴ ቮልስ ከፋሲካው ቀለም በኋላ አንድም ክፍት ቀዳዳ አልነበራትም። ባልዲ ሆና ነው የከረመችው።

ስለ ብረትና ስለ ደብረ ታቦር ከተወራ ጋፋትን ማለፍ አይቻልም። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያስቀለጡት ከከተማዋ አጠገብ ባለችው ጋፋት ነው፤ በ1860 ዓ.ም. መንገድ እየተጠረገ በሰው ጉልበት እስከ መቅደላ ተጎትታለች። ከ150 ዓመት በላይ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅባት ኖራ ዛሬም እዚያው አለች። ምስጢሩ ነሐስ መሆኗ ነው። ነሐስ ላዩ ይለወጥና ያ ሽፋን ራሱ የውስጡን ይጠብቀዋል። የብረት ዝገት ግን ይላጣል፣ ከሥሩ አዲስ ብረት ይጋለጣል፣ እሱም ይዝጋል። ያውም የቮልስ ላሜራ ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ በቅጡ አይሞላም።

«ታዲያ አሮጌዋን ትቶ አዲስ መግዛት ነዋ» የሚል አይጠፋም። በየትኛው ገንዘብ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ታክሱን ሰማይ ሰቀለው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ኤሌክትሪኩ ጥሩ ነው፤ ግን ጋይንት ላይ ቻርጅ ማድረጊያ ፈልጉና ንገሩኝ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያሉት ዲኤክሶች፣ ላዳዎች፣ ሃይሩፎች፣ አሮጌ ላንድ ክሩዘሮችና ቮልሶች ገና ብዙ ዓመት ይሠራሉ። ቮልስማ የመጨረሻዋ ከፋብሪካ የወጣችው ሜክሲኮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ። ሞተር ይታደሳል፣ ካምቢዮ ይቀየራል። አካሉ ከበሰበሰ ግን መኪናው አለቀ። ላሜራቸውን በዚንክ ለብጦ ዝገትን መከላከል እንኳ የመጣው ዘግይቶ ነው፤ ፖርሸ በ1970ዎቹ አጋማሽ ጀመረ፣ አውዲ ሙሉ አካሉን የለበጠው በ1985 እ.ኤ.አ. ነው። የኛዎቹ አሮጌዎች አብዛኞቹ ውስጣቸው ስስ ቀለም ካገኘ ዕድለኛ ነው።

«የኔ ላንድ ክሩዘር ናት፣ ሻንሲ አላት፣ አትነካም» የምትሉ ደግሞ ትንሽ ታገሱ። ሻንሲውም ባዶ ሳጥን ነው። በተለይ ከኋላ ጎማ በላይ የሚታጠፍበት ቦታ ጭቃ ይጠራቀማል። ላንድ ሮቨርም አካሉ አሉሚኒየም ስለሆነ ሰው «አይዝግም» ይለዋል፤ ከሥር የተሸከመው ሻንሲ ግን ብረት ነው፣ ያውም ከውስጥ ወደ ውጭ የሚበላ።

እንዴት ይታያል? እዚህ ላይ የናንተ ትውልድ ከአጎቴ ይሻላል። ከስልክ ጋር በገመድ የሚገናኝ ቀጭን ካሜራ አለ፤ ኢንዶስኮፕ ይሉታል። የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ከሚሸጡ ሱቆች ይገኛል፤ ስልካችሁ ኦቲጂ የሚቀበል ከሆነ ይሠራል። ጫፉ ጠባብ ስለሆነ በውሃ መውጫው ቀዳዳ ወይም በጎማ ክዳኖቹ ቦታ ይገባል፤ የራሱ መብራትም አለው። ወደ ውስጥ ግፉትና ቪዲዮ ቅረጹ። ስስ ቀይ ዱቄት ካያችሁ ገና ነው፣ ይድናል። እንደ መጽሐፍ ገጽ የተነባበረ ቅርፊት ካያችሁ ግን ባትላሜራ ጥሩ። መኪና ልትገዙ ስትሄዱ ይህን ካሜራ ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ፤ ሻጩ «አትነካካ» ካላችሁ መልሱን አግኝታችኋል። ሌላም ርካሽ ዘዴ አለ፤ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከበሩ ሥር አስጠጉ። ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ያለው ብረት ሳይሆን ስቱኮ ነው።

አሁን ወደ መከላከያው። በየላቫጆው የሚታወቀው ዘዴ ከሥር በናፍጣና በተቃጠለ ዘይት ማስነፋት ነው። ከምንም ይሻላል የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። የተቃጠለ ዘይት በሞተር ውስጥ ሲቆይ አሲድና የብረት ብናኝ ይዟል፤ ይቀጥናል፣ ይፈስሳል፣ የእግር ጎማዎቹን ያበላሻል። የሚንጠባጠበውም ግቢያችሁ ውስጥ፣ ምናልባትም ከጉድጓድ ውሃችሁ አጠገብ ነው። ለቆዳም ለሳንባም ጠንቅ ነው። ካትራሜ የሚቀቡም አሉ። ካትራሜ ሲቀባ ያምራል፤ ሁለት ዓመት ሲሞላው ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ ውሃ በስንጥቁ ይገባል፣ መውጫ ግን የለውም። ከሥሩ ያለውን ማየት ስለማይቻል ሰው ተረጋግቶ ይተኛል። ለሳጥኖቹ ውስጥ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም።

ለባዶዎቹ ሳጥኖች የሚሆነው የማይደርቅ ሰም ነው። ሥራው ቀላል ነው፤ ሲረጭ ቀጭን ሆኖ በስፌቶቹ መሃል ይሰርጋል፣ የያዘው ማቅጠኛ ሲተን እንደ ለስላሳ ሰም ይረጋል፣ ውሃና አየርን ከብረቱ ይለያል። ቢጫር እንኳ ለስላሳ ስለሆነ አይሰነጠቅም። ዋክሶይልና ዲኒትሮል የሚባሉት የውጭ ምርቶች የዚህ ዓይነት ናቸው። እኛ ጋ ማግኘቱ ችግር ነው፤ ብዙ ጊዜ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው የሚገባው። አዲስ አበባ ካሉ የቅባት አስመጪዎች «የሳጥን ውስጥ ሰም» ብሎ መጠየቅ ግን አይከፋም። የጧፍ ሰም አቅልጬ ላፍስበት የሚል ካለ ይቅርበት፤ ንጹሕ ሰም በብርድ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ከላሜራውም ይላቀቃል።

ሌላው ዓይነት ከበግ ፀጉር ቅባት የሚሠራው ነው፤ ላኖሊን ይባላል፣ ፍሉይድ ፊልም የሚባለው ምርት የተሠራው ከሱ ነው። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። የፋርጣ በግ አገር ተቀምጠን! የጉና እረኛ ባናውን ተከናንቦ ካፊያ ሲመታው ለምን ቶሎ እንደማይረጥብ አስባችሁ ታውቃላችሁ? በደንብ ያልታጠበ የበግ ፀጉር ውስጥ የሚቀረው ቅባት ውሃ ይገፋል። ባሕር ማዶ ያሉ የክላሲክ መኪና ወዳጆች በጣሳ እየገዙ መኪናቸው ውስጥ የሚረጩት ያንኑ ቅባት ነው። ከፀጉሩ ለይቶ ማጣራት የራሱ ማሽን ይፈልጋልና ቤት ውስጥ አትሞክሩት። የሱፍ ነገር ላይ ልሥራ የሚል ሥራ ፈጣሪ ወጣት ካለ ግን ሐሳቡን ከዚህ ይውሰድ፣ ኮሚሽን አልጠይቅም።

ጊዜው ወሳኝ ነው። ክረምት ላይ ሰም መርጨት እርጥበቱን ከውስጥ መቆለፍ ነው። ከጥር እስከ ሚያዝያ ያለው ደረቅ ወቅት ነው የሚሆነው። መጀመሪያ መውጫ ቀዳዳዎቹን ሁሉ በሽቦ ክፈቱ። ላቫጆ ውስጥ በቀጭን ቱቦ ከሳጥኖቹ ውስጥ ጭቃው እስኪያልቅ፣ የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ድረስ ይታጠብ። ከዚያ የሚያስቸግረው ትዕግሥቱ ነው፤ መኪናዋ በሮቿ ተከፍተው ፀሐይ ላይ ብዙ ቀን ትዋል። የአጎቴን አንድ ሳምንት አቆየናት፤ በየቀኑም በኮምፕሬሰር አየር አስነፋንባት። በአራተኛውም ቀን ከአንድ ቀዳዳ ውሃ ወጥቷል።

ሰሙ በቆርቆሮው እንዳለ ሙቅ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ይሙቅ፤ እሳት ላይ ፈጽሞ አይጣድ፣ ማቅጠኛው ተቀጣጣይ ነው። ደብረ ታቦር ላይ ውሃ የሚፈላው ከ91 ዲግሪ ባልራቀ ሙቀት ስለሆነ ከፍታው እዚህ ላይ ያግዘናል። የሚረጨው ጫፉ ዙሪያውን በተበሳ ረጅም ቱቦ፣ በኮምፕሬሰር ግፊት ነው። ቱቦውን እስከ ሳጥኑ መጨረሻ አስገብታችሁ እየረጫችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ትስባላችሁ። በሁሉም መውጫዎች ሲንጠባጠብ ደርሷል ማለት ነው። በማግስቱ ቀዳዳዎቹን እንደገና በሽቦ መክፈት አይረሳ፤ አለበለዚያ ሰሙ ራሱ ይደፍናቸዋል። የደህንነት ቀበቶ የሚጠቀለልበት ምሰሶ ውስጥ አትርጩ፤ ቀበቶው ከተጣበቀ ጣጣው ሌላ ነው። አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ክፍት ቦታ ላይ ሁኑ። ቮልስ ላይ ደግሞ ሳጥኖቹ የማሞቂያ መንገድ ስለሆኑ ለጥቂት ሳምንት መኪናው ውስጥ ሰም ሰም ይሸታል። አክስቴ «የቤተ ክርስቲያን ጧፍ ሸተተኝ» ብላ ወዳዋለች።

ብየዳ ካለ ግን ከሰሙ በፊት ይለቅ። ይህን አጥብቄ የምናገረው አንድ ነገር ስላየሁ ነው። የሆነ ጋራዥ ውስጥ ሰም የተረጨ መኪና ሲበየድ ሳጥኑ ከውስጥ ተቀጣጥሎ ጭሱ በበሩ ወጣ። ሰሙ ስለማይታይ በያጁ አላወቀም፤ ባለቤቱም አልነገረውም። በባልዲ አሸዋ ጠፋ እንጂ የነዳጅ መስመሩ ሩቅ አልነበረም።

ቮልሷ በሁለቱም በኩል አዲስ ሳጥን ተበይዶላት መጋቢት ላይ ሰም ጠጣች። ሥራው ሲያልቅ አጎቴ ትንሽ ቀይ ቀለምና የልጅ ብሩሽ ይዞ ከሥሯ ገባ። ለግማሽ ሰዓት አልወጣም። ስልኬን አብርቼ ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ መምህር ነበረና ፊደሉ ያምራል፦ «በያጁ ሆይ፣ ውስጡ ሰም አለ፤ እሳት ከማቅረብህ በፊት ጠይቀኝ።» ከሥሩም ስልክ ቁጥሩን ጽፎበታል።